ለትልቅ አሮስቶ ቄንጠኛ ሹካ ስትመርጡ ከጥርሱ ጀምሩ

ታንክስጊቪንግ ሲቃረብ፣ ገና ሲመጣ፣ የሠርግ ካርድ ሲበዛ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። «እጀታው የአጋዘን ቀንድ የሆነ ትልቅ የሥጋ ሹካ አየሁ። ልግዛው? ሥጋ ይይዛል ወይስ ለጌጥ ነው?» አንዱ እጀታው ጎራዴ የመሰለ ሹካ ፎቶ ይልካል፤ ሌላው የአንበሳ ራስ ያለው። ለሙሽሮች ስጦታ ፈልጎ የሚጠይቅም አለ። እንግዲህ ምርጫውን ከሱቅ እስከ ማዕድ በተራ በተራ ላስቀምጠው።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ቄንጡ እጀታው ላይ ብቻ ይሁን። ጥርሱ፣ አንገቱና መገጣጠሚያው ግን እንደማንኛውም ደህና የሥራ ሹካ መሆን አለባቸው። ስለዚህ ስትመርጡ ከጥርሱ ተነሥታችሁ ወደ እጀታው ውጡ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው።

የዚህ ሹካ ሥራ ቢላዋው ሲቆርጥ ሥጋው እንዳይንቀሳቀስ መያዝ ነው። ተርኪ፣ ታንክስጊቪንግ ላይ የሚቀርበው ከዶሮ የሚበልጥ ትልቅ ወፍ፣ ክብ ስለሆነ ይንከባለላል። የበግ ታፋ ደግሞ ቅባቱ ያንሸራትተዋል። በአንድ እጅ ሹካውን ተጭናችሁ ሥጋውን መክተፊያው ላይ ታጸኑታላችሁ፣ በሌላው ትቆርጣላችሁ። ያ ሁሉ ጭነት የሚያርፈው ጥርሱ ከእጀታው በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። ቄንጠኛ ሹካ ከተሰበረም የሚሰበረው እዚያው ነው።

የሚያስፈልጓችሁ

- ማስመሪያ ወይም ሜትር (ሱቅ ውስጥ ከሌላችሁ ስንዝራችሁ ይበቃል፤ የአብዛኛው ሰው ስንዝር 20 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ የራሳችሁን ቤት ለኩት)
- ትንሽ ማግኔት፣ የፍሪጅ በር ላይ የሚለጠፈውም ይሆናል
- ንጹሕ ነጭ ጨርቅ
- የእንጨት መክተፊያ፣ ዙሪያውን ቦይ ያለው ቢሆን ይመረጣል
- አንድ ትልቅ ጥቅል ጎመንና ጥቂት የምግብ ዘይት፣ ለቤት ሙከራ
- ረጅም፣ በደንብ የተሳለ ቢላዋ
- የሥጋ ቴርሞሜትር

1. መጀመሪያ የምትቆርጡትን ሥጋ ወስኑ

«ለሁሉም ይሆናል» ብላችሁ አትግዙ። በዓመት ውስጥ አዘውትራችሁ የምትቆርጡት ምንድን ነው? ተርኪ ወይም ሙሉ ዶሮ ከሆነ ጥርሱ ወደ ውስጥ ጎበጥ ያለ ሹካ ይሻላል። ጉብጠቱ የክቡን ደረት ተከትሎ ያቅፈዋል፤ እጃችሁንም ከትኩሱ ቆዳ ከፍ ያደርገዋል። አጥንት የሌለው ሽንጥ ወይም ዳቢት ከሆነ ቀጥ ያለ ጥርስ ምረጡ። በቀላሉ ይገባል፣ በቀላሉ ይወጣል፣ የተቆረጠውንም ሥጋ ወደ ሳህን ለማንሣት ይመቻል። የበግ ታፋ በሁለቱም ይሠራል። እኔ ግን ለታፋ ቀጥ ያለውን እመርጣለሁ፤ ከአጥንቱ ጎን ለማስገባት ቦታውን በትክክል መምረጥ ይቻላል።

ሙሉ በግ አሮስቶ አድርጋችሁ ለሠርግ የምታቀርቡ ከሆነ ስለ ርዝመቱ ቀጥሎ ያለውን በደንብ አንብቡ።

2. ጥርሱን ቁጠሩ፣ ከዚያ ለኩ

ሁለት ጥርስ ይሁን። አንድ ጥርስ ብቻ ቢሆን ሥጋው ዙሪያውን ይሽከረከራል፤ ሁለቱ ግን መሽከርከሩን ያግዱታል። ከሁለት በላይ ሲሆን ቀዳዳው ይበዛል፣ በየቀዳዳው የሥጋው ጭማቂ ይፈሳል። ቄንጠኛ ሹካዎች ውስጥ ባለ ሦስት ጥርስ፣ ጦር የሚመስል በብዛት ይታያል። መልኩ ያምራል፤ ለመግባት ግን የበለጠ ኃይል ይጠይቃል፣ ስስ አድርጎ ለመቁረጥም ጥርሱ ለቢላዋው እንቅፋት ይሆናል።

ለትልቅ አሮስቶ ጥርሱ ብቻውን ከ15 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ጠቅላላው ከእጀታው ጋር 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ማለትም አንድ ስንዝር ተኩል። ለምን? ጥርሱ ሥጋው ውስጥ በቂ ከገባ በኋላ እጃችሁ ከቢላዋው መንገድ የሚርቅበት ትርፍ ያስፈልጋል። ሻጮች የሚጽፉት ብዙ ጊዜ ጠቅላላ ርዝመቱን ነው። እጀታው ትልቅ ሐውልት ሲሆን ከ30 ሳንቲ ሜትሩ ውስጥ ጥርሱ 10 ብቻ ሆኖ ይገኛል። ይህ ዓይነቱ ለዶሮ እንጂ ለተርኪ አይሆንም።

በሁለቱ ጥርሶች መካከል ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይኑር። በጣም ከጠበበ እንደ አንድ ጥርስ ሆኖ ሥጋው ይዞራል። ጫፉ ደግሞ ሹል ይሁን፤ የደነዘ ጫፍ ቆዳውን ይቀድደዋል እንጂ አይበሳውም።

3. ብረቱን መርምሩ

ምግብ የሚነካው ክፍል በሙሉ የማይዝግ ብረት መሆን አለበት። ቀለም፣ ወርቅማ ቅብ ወይም ጥቁር ቅብ ያለው ጥርስ አትውሰዱ። ጥርስ በየጊዜው አጥንትና ቢላዋ ይነካዋል። ቅቡ ይላጣል፣ የተላጠው ደግሞ ሥጋው ላይ ይቀራል። እጀታው ላይ ወርቅማ ቢሆን ችግር የለም።

ነጩን ጨርቅ አውጡና ጥርሱን ከላይ እስከ ታች አጥብቃችሁ እሹት። ጥቁር ወይም ቢጫ ነገር ጨርቁ ላይ ከቀረ የፋብሪካ ዘይት ሊሆን ይችላል፤ በሳሙና ታጥቦ ደግሞ ከለቀቀ ግን ቅብ ነው።

ማግኔቱን የያዝነው ሌላ ነገር ለማወቅ ነው። «ማግኔት ከሳበው ይዝጋል» የሚባለው ስሕተት ነው። ጥሩ የቢላዋ ብረት ማግኔት ይስበዋል፤ 18/10 የሚባለው (18 በመቶ ክሮምየም፣ 10 በመቶ ኒኬል ያለበት የማይዝግ ብረት) ደግሞ እምብዛም አይሳብም። ሁለቱም ለሹካ ይሆናሉ። ማግኔቱ የሚጠቅመው እጀታው ላይ ነው። ብረት መስሎ የሚያበራ ሐውልት ማግኔት ካልሳበው ከዚንክ ቀልጦ የተቀዳ ሊሆን ይችላል። ዚንክ ከባድ ነው፣ ሲወድቅም ይሰነጠቃል። ይህንን ይዛችሁ ወደሚቀጥለው ሂዱ።

4. መገጣጠሚያው ላይ ጊዜ ውሰዱ

ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይህንን አትዝለሉ። ብረቱ አንገቱ ላይ አያልቅም፤ ወደ እጀታው ውስጥ የሚዘልቅ ጭራ አለው። ማወቅ ያለባችሁ ጭራው ምን ያህል እንደሚገባና በምን እንደተያዘ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ጭራው እስከ እጀታው ጫፍ ሄዶ በሪቬት፣ ማለትም ከጎን ወደ ጎን በሚያልፍ የብረት ማያያዣ፣ የተመታው ነው። በእጀታው ጎን ክብ የብረት ነጥቦች ታያላችሁ። ቄንጠኛ እጀታ ግን ይህንን አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ቀንዱ ወይም ሐውልቱ ተበስቶ ጭራው በሙጫ ይገባል። ሙጫ መሆኑ ብቻውን አያስጥለውም። ጭራው አጭር ሲሆን ግን ሸክሙ በሙሉ ሙጫው ላይ ይወድቃል፤ ሙጫ ደግሞ በሙቀትና በውሃ ይለሰልሳል። ከሙጫው በተጨማሪ አንገቱ አጠገብ አንዲት የብረት ካስማ አግድም የገባችበት ከሆነ በጣም የተሻለ ነው።

ውስጡን ስለማታዩት በውጭ ትፈትኑታላችሁ፦

ጆሯችሁ አጠገብ ይዛችሁ ነቅንቁት። የሚንቀጨቀጭ ነገር ከሰማችሁ መልሱት።

ጥርሱን በጨርቅ ጠቅልላችሁ በአንድ እጅ ያዙ፣ በሌላው እጀታውን ለማዞር ሞክሩ። ቅንጣት ታህል እንኳ መዞር የለበትም።

ሻጩን አስፈቅዳችሁ ጫፉን እንጨት ወይም ወፍራም ካርቶን ላይ አሳርፉና በዝግታ ተጫኑ። ትንሽ ጎበጥ ብሎ ስትለቁት ወደ ቦታው ከተመለሰ ጥሩ ነው። እንደጎበጠ ከቀረ ብረቱ ለስላሳ ነው። «ጭር» የሚል ድምፅ ከመገጣጠሚያው ከወጣ ሙጫው እየለቀቀ ነው።

በመጨረሻ የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ብረቱና እጀታው በሚገናኙበት መስመር ዙሪያ አዙሩ። ጥፍር የሚገባበት ስንጥቅ ካለ ቅባትና ውሃም ይገባበታል። እዚያ የገባ የበግ ስብ በሳሙና አይወጣም። ከሳምንት በኋላ መሽተት ይጀምራል፣ እንጨትም ከሆነ ከውስጥ ይበሰብሳል።

5. እጀታውን በሥራ እጁ ያዙት

ሱቅ ውስጥ ሁሉም ሰው ሹካውን በቀኝ እጁ ያነሣና «ይመቻል» ይላል። ቀኝ እጅ ግን ቢላዋውን ነው የሚይዘው። ሹካው የሚያዘው በግራ ነው። ስለዚህ በግራ እጃችሁ ያዙና ሞክሩ፤ ግራኞች ከሆናችሁ በቀኝ። ወደ አንድ ጎን የዞረ ፊት፣ ክንፍ ወይም ቀንድ ያለው እጀታ በአንዱ እጅ ተስማምቶ በሌላው መዳፍ ይወጋል።

ጨብጣችሁ ወደ ታች ተጫኑ፣ እስከ አሥር ቁጠሩ። መዳፋችሁ ላይ የቀረውን ምልክት እዩ። ቀላ ያለ ሰፊ ቦታ ከሆነ ምንም አይደለም። የሾለ ነጥብ ከታየ ሙሉ ተርኪ እስክትጨርሱ ያሳምማችኋል።

ጥልቅ ቅርጽ ያለው እጀታ፣ ለምሳሌ የአንበሳ ጎፈር፣ ቅባት ይይዛል። በጥርስ ብሩሽ የማይደረስበት ጉድጓድ ካለ ይቅርባችሁ። መከታ፣ ማለትም አንገቱ ላይ እጅ ወደ ጥርሱ እንዳይንሸራተት የሚያግድ ጉብታ ካለው ግን ትልቅ ጥቅም ነው። የጎራዴ እጀታ ያለው ሹካ ከቄንጠኞቹ ሁሉ የምወደው በዚህ ነው፤ መከታው ለመልክ የተሠራ ቢሆንም እጅ ይጠብቃል።

6. ሚዛኑን እዩ

አንገቱን ሌባ ጣታችሁ ላይ አጋድሙት። እጀታው በኃይል ወደ ታች ከወደቀ ኋላው ከባድ ነው። ከባድ የዚንክ ሐውልት ያለው ሹካ ሳህን ጠርዝ ላይ ስታስቀምጡት ይገለበጣል፤ ሥጋው ላይ ተሰክቶ ስትተዉት ደግሞ በክብደቱ ወደ ኋላ ተጋድሞ ሥጋውን ይቀድደዋል።

7. በፎቶ የምትገዙ ከሆነ ጽሑፉን አንብቡ

«ለጌጥ ብቻ» ወይም «ለምግብ አይሆንም» የሚል ካለ ጨርሳችሁ ተዉት፤ ሰሪው ራሱ ነው የነገራችሁ። በአውሮፓ የምትገዙ የብርጭቆና የሹካ ሥዕል ያለበትን ምልክት ፈልጉ። ዕቃው ምግብ ለመንካት የተፈቀደ መሆኑን ያሳያል። የጥርሱ ርዝመት ለብቻው ካልተጻፈ ሻጩን ጠይቁ። የአንገቱ ቅርብ ፎቶ ከሌለም እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ካልላከ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

የእጀታውን ዓይነት በተመለከተ በአጭሩ ይህ ነው። እውነተኛ የአጋዘን ቀንድ ሸካራ ስለሆነ በቅባት እጅም አይንሸራተትም፤ በደንብ ከተገጠመ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። የከብት ቀንድ ያምራል፣ ነገር ግን የፈላ ውሃ ያለሰልሰዋል፤ ዋንጫ የሚሠሩ ሰዎችም ቅርጽ የሚያስይዙት በሙቀት ነው። ለብ ባለ ውሃ ብቻ ይታጠብ። ጠንካራ እንጨት ጥሩ ነው። ከሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ተቀድቶ ከሚጠነክር የፕላስቲክ ዓይነት) የተቀዳ ሐውልት ቀላልና ርካሽ ነው፤ ቀጭን ክፍሎቹ፣ የእንስሳው ጆሮና ጭራ ማለት ነው፣ ይሰበራሉ፣ ከሙቀትም መራቅ አለበት። ቴርሞሜትር የተገጠመለት ሹካም አለ። ለመለካት ይጠቅማል፤ ባትሪና ሽቦ ያለውን እጀታ ግን ውሃ ውስጥ አትንከሩት። የድብ ጥፍር የሚመስሉት ጥንድ መሣሪያዎች ደግሞ የበሰለ ሥጋ ለመበጣጠስ እንጂ ለቆረጣ አይደሉም።

8. ከማዕዱ በፊት በጎመን ሞክሩት

ይህንን የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ አድርጉ። ሹካውን በሳሙና እጠቡት። ጥቅል ጎመኑን መክተፊያ ላይ አስቀምጡ። እንደ ተርኪ ክብ ነው፣ ይንከባለላል። መዳፋችሁን በጥቂት ዘይት አርጥቡ፤ በዓል ቀን እጃችሁ ደረቅ አይሆንምና። ሹካውን ሰክታችሁ ጎመኑን ስስ ስስ አድርጋችሁ ቁረጡት። ጎመኑ ካልዞረ፣ እጃችሁ ወደ ፊት ካልተንሸራተተ፣ መገጣጠሚያው ድምፅ ካላሰማ ሹካው ለሥራ ደርሷል። ጎመኑን ለጥቅል ጎመን ወጥ አድርጉት።

ከዚያ ጥርሱን ብቻ አርጥባችሁ ሌሊቱን ተዉት። ጠዋት ቡናማ ነጥብ ካያችሁ ብረቱ የተባለው አይደለም፤ መልሱት።

9. ሥጋው ላይ ስትጠቀሙ

ሹካው የሥጋውን መብሰል አይነግራችሁም። ቴርሞሜትሩን ተጠቀሙ፦ ተርኪና ዶሮ ወፍራሙ ቦታ ላይ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የበግና የከብት አሮስቶ ቢያንስ 63 ዲግሪ። ከኦቭን ከወጣ በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይረፍ። ወዲያው ከወጋችሁት ጭማቂው መክተፊያው ላይ ይፈሳል፣ ሥጋው ይደርቃል።

መክተፊያው ሥር እርጥብ ፎጣ አንጥፉ። ሹካውን ከቢላዋው ራቅ አድርጋችሁ አንዴ ብቻ፣ አጥንቱን ሳይነካ ሰኩት። ከዚያ የሥጋውን ክር ተሻግራችሁ ቁረጡ። ክሩን ተከትሎ የተቆረጠ ሥጋ ማኘክ ያስቸግራል። ቦታ ለመቀየር ካልሆነ በስተቀር አትንቀሉት፤ እያንዳንዱ አዲስ ቀዳዳ ጭማቂ ያስወጣል። የበግ ታፋ ሲሆን ከቀጭኑ የአጥንት ጫፍ በኩል ይዛችሁ ከወፍራሙ ጀምሩ። ተርኪ ሲሆን ቅድሚያ እግሮቹን በመገጣጠሚያቸው አውጡ፣ ከዚያ ደረቱ። የዶሮ ብልት ማውጣት የሚያውቅ እጅ ለዚህ አይቸገርም።

ጥንቃቄ

- በሹካው ብቻ ሙሉ ተርኪ አታንሡ። ሰባትና ስምንት ኪሎ ሥጋ በሁለት ጥርስ ሲንጠለጠል ሥጋው ይቀደዳል፣ ትኩሱ ቅባት እግር ላይ ይፈሳል። ለማንሣት የተሠራ ሌላ ዕቃ አለ፤ ከሌላችሁ ሁለት ሰው ሆናችሁ ከትሪው ጋር አንሡ።
- ጥሬ ሥጋ የወጋችሁበትን ሹካ ሳታጥቡ የበሰለው ላይ አትመልሱ። ጥሬውን መውጋት ራሱ ላዩ ላይ ያለውን ተህዋስ ወደ ውስጥ ያስገባል።
- ሹካውን ኦቭን ውስጥ ሥጋው ላይ ሰክታችሁ አትተዉ። ሬዚንና ሙጫ አይችሉትም፣ ብረቱም ያቃጥላችኋል።
- ቢላዋውን ወደ ሹካው አቅጣጫ አትግፉ። ከጀርባው እጃችሁ አለ።
- ልጆች ጎራዴና ጦር የሚመስል ነገር ሲያዩ ያነሡታል። ማዕዱ ላይ ብቻውን አትተዉት።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

ከስብስቡ ጋር በመጣ ቢላዋ ተማርኮ ሹካውን ሳያዩ መግዛት አንዱ ነው። ሹካው አጭር ከሆነ የቢላዋው ጥራት አያካክሰውም። ሌላው ክብደትን ከጥራት ጋር ማያያዝ ነው፤ ከባዱ እጀታ ብዙ ጊዜ ዚንክ ነው። የሙሽሮችን ስም ጥርሱ ላይ ማስቀረጽም አለ። ቅርጹ ቅባት ይይዛል፤ እጀታው ላይ ወይም ሣጥኑ ላይ ይጻፍ። ከሁሉ የሚበዛው ግን ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ መክተት ነው። የማሽኑ ሙቀት፣ ጠንካራ ሳሙናና ረጅም እርጥበት አንድ ላይ ሆነው ሙጫውን ያላቅቁታል፣ እንጨቱንና ቀንዱን ያሰነጥቁታል።

10. አጠባና አቀማመጥ

ሥራው እንዳለቀ፣ ስቡ ሳይረጋ፣ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና በእጅ እጠቡት። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አትተዉ። መገጣጠሚያውን በጥርስ ብሩሽ ፈትጉ፣ ወዲያው አድርቁ። ይህ ሹካ በዓመት ጥቂት ቀን ነው የሚወጣው፤ ጿሚ ቤት ውስጥማ ሁዳዴን በሙሉ መሳቢያ ውስጥ ይከርማል። ስለዚህ ደረቅ ሆኖ መቀመጡ ወሳኝ ነው። የእንጨት እጀታውን ለመክተፊያ በሚሸጠው ዘይት ቀባ ቀባ አድርጉት። የምግብ ዘይት አይሁን፤ ቆይቶ ይሸታል።

ጥርሶቹ ጫፍ ላይ የጠርሙስ ቡሽ ሰክታችሁ አስቀምጡት። ቡሹ ጫፉን ከመደነዝ ይጠብቃል፤ መሳቢያው ውስጥ የሚገባውንም እጅ። ለአዲስ አበባ ስጦታ ይዛችሁ የምትጓዙ ከሆነም እንዲሁ ቡሽ ሰክታችሁ፣ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አድርጉት። በእጅ ሻንጣ ከያዛችሁት ፍተሻው ላይ ሊወሰድባችሁ ይችላል።